በመጋዘን ውስጥ የሠራነው የደንዲ ደመና

ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ፣ ማኅደሬን የሚያገላብጠው ወጣት ሠራተኛ ከድሮዎቹ ወረቀቶች መካከል «ሞዴል ሠሪ» የሚል የሥራ መደብ አገኘና ቀና ብሎ አየኝ።

«እትዬ፣ የልብስ ነው?»

«የመሬት ነው» አልኩት። «የመሬትና የደመና።»

ፈገግ ብሎ ማኅተሙን መታ። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ስለነበረ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

የአምቦ ሰው የሚያውቀኝ በሥዕል መምህርነቴ ነው። ያ ግን የሥራ ዘመኔ ሁለተኛው ክፍል ነው። የመጀመሪያው ያለፈው ከከተማው ዳር በሚገኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ሲሆን፣ ስለሱ ለልጆቼ እንኳ በቅጡ ነግሬያቸው አላውቅም። ሰው የሞተበት ነገር እንዲሁ በጨዋታ መሃል አይነሣም። አሁን ጊዜም ስላለኝ፣ የማስታውሳቸውም ሰዎች ከእኔ በቀር የሚያወራላቸው ስለሌለ፣ ከነበረው ሳልጨምር ልጽፈው አሰብኩ።

የተወለድኩት ጊንጪ ነው። ስሜ ጫልቱ ይባላል። አባቴ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይና አስተማሪ ነበር። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ እየተናገርኩ አደግኩ። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ እዚያው ጊንጪ በረዳት መምህርነት ተቀጠርኩ። ለጂኦግራፊ ክፍል ካርታ የሚገዛልን ስላልነበረ፣ አሮጌ ጋዜጣ በውኃ ዘፍዝፌ ከዱቄት ሙጫ ጋር አቦካሁና በሳንቃ ላይ አገራችንን ሠራሁት፤ በደቡብ የደንዲን ተራራና ሐይቁን፣ በሰሜን የጭልሞን ደን፣ በመሃል ከአዲስ ዓለም ወደ አምቦ የሚሄደውን መንገድ።

አንድ ቀን አንድ አሮጌ ጂፕ ውኃ ጨርሶ ትምህርት ቤታችን ደጃፍ ቆመ። የጂፑ ባለቤት ቀጭን፣ ረጅም፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ነበር። ውኃ እስኪቀዳለት በክፍሉ መስኮት ካርታውን አየና ገባ። ሌላ ሰው ካርታውን የሚያየው ቆሞ ከላይ ነበር። እሱ ግን በርከክ ብሎ ዓይኑን ከሳንቃው እኩል አደረገና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በጎን ተመለከተው።

«ሐይቁ ከዚህ አይታይም» አለ።

«በእውነትም ከመንገዱ ላይ አይታይም፤ ተራራው ይከልለዋል» አልኩት።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የጠየቅኩሽ።» ጥያቄ አልጠየቀኝም ነበር፤ አነጋገሩ ግን እንዲህ ነው። «አምቦ መጥተሽ ከእኔ ጋር ትሠሪያለሽ?»

ጋሽ ግዛውን ያወቅሁት በዚህ ዓይነት ነው።

ጋሽ ግዛው የአዲስ ዓለም ሰው ነው። ቅድመ አያቶቹ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ጋር አብረው እዚያ የሰፈሩ ናቸው። ዕድሜውን የጨረሰው በአውሮፕላን መካኒክነት ሲሆን፣ ቀኝ እጁ ሞተር ውስጥ ገብታ ሁለት ጣቶቹ አልታጠፍ ካሉት በኋላ ወደ ማሠልጠኛ ተዛወረ። ክፍላችን ተምችና አንበጣ ላይ መድኃኒት የሚረጩ የትንንሽ አውሮፕላኖች አብራሪዎችን ያሠለጥን ነበር። ቦታው ከአንድ ባላባት የተወረሰ መጋዘን ሲሆን፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጥግ ጥጉ ገና ጤፍ ጤፍ የሚሸት ነበር።

በመሃሉ አንድ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የእንጨት ሣጥን ቆሟል። ውስጡ እንደ አውሮፕላን መቀመጫና መሪ አለው፤ ከሥሩ ያሉት ወናፎች እየተነፉ ወደ ጎንና ወደ ፊት ያዘነብሉታል። ሠልጣኙ ገብቶ ሲቀመጥ ክዳኑ ይዘጋበትና የመለኪያዎቹን መርፌዎች ብቻ እያየ «ይበራል»። መድኃኒት የሚረጭ አብራሪ ግን ከዛፍ ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በዓይኑ እየለካ ነው የሚበረው። በሣጥኑ ውስጥ አንደኛ የወጣ ልጅ ሜዳ ላይ ሲወጣ ግራ ይጋባ ነበር። ጋሽ ግዛው ለሣጥኑ መስኮት ሊሠራለት ፈለገ፤ በመስኮቱ ደግሞ አገር ሊታይ ይገባዋል።

ከአንድ መሥሪያ ቤት የተጣለ የቴሌቪዥን ካሜራ አገኘ። ከጣሪያው ሥር ሐዲድ ዘርግቶ ካሜራውን ቁልቁል ሰቀለው። ሠልጣኙ መሪውን ሲገፋ ሞተሮቹ ገመዱን ይስባሉ፤ ካሜራው ወደፊት ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ካሜራው የሚያየው በሣጥኑ መስኮት ላይ በተገጠመው ቴሌቪዥን ይታያል። የጎደለው ካሜራው የሚያየው አገር ነበር። እኔ የተቀጠርኩት ለዚህ ነው።

በመጋዘኑ ወለል ላይ ከአዲስ ዓለም እስከ አምቦ ያለውን አገር ሠራን። ሽቦ አጥፈን፣ ጆንያ አልብሰን፣ ጀሶ አፈሰስንበት። ጋሽ ግዛው የመጀመሪያውን ሥራ ሁልጊዜ በገዛ እጁ ይሰብር ነበር። ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን የደንዲን ተራራ በመዶሻ መታና «የመጀመሪያው የእጅ ነው። አሁን ዓይንሽ አውቆታል፤ ሥሪው» አለኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሁለተኛው ግን በእርግጥ ተራራ ሆነ።

ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ስለ ቀለም የምናውቀውን ሁሉ ረስተን እንደገና ተማርን። አረንጓዴ የቀባሁት ስንዴና ቀይ የቀባሁት አፈር በመስኮቱ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ወጡ። ከዚያ በኋላ አፈሩንም ስንዴውንም ድንጋዩንም በጥቀርሻና በኖራ ነበር የምቀባው። ለሐይቁ መስታወት ባስቀምጥ የካሜራው ዓይን ራሱን አየና ውኃው ውስጥ አንድ ትልቅ ጥቁር ጉድጓድ ታየ። ከሥሩ ጥቁር የተቀባ ተራ መስኮት መስታወት ስናደርግ ውኃ መሰለ። የጭልሞን ደን በሰጋቱራ ሞክረን አልሆነም፤ የተቆራረጠ ስፖንጅ በጥቀርሻ ስናሽ ግን ዛፎቹ ጥላ ጣሉ።

ጋሽ ግዛው ከኪሱ የገብስ ቆሎ እየቆረጠመ ከኋላዬ ይቆምና «ከየት ነው የሚታየው?» ይለኛል። ለሁሉ ነገር ጥያቄው ይኸው ነው። ቤት ብሠራ፣ አጥር ብሠራ፣ «ከየት ነው የሚታየው?» ከላይ በማይታየው ጉልበት አታባክኚ፣ በሚታየው ግን አታታልዪ ማለቱ ነው። የጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ የሚውል፣ እጁን ሳይታጠብ ሥራ የማይነካ ሰው ነበር። እኔ የጴንጤ ልጅ መሆኔን ያውቃል። በዚያ ዘመን የአባቴ ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ፣ በሰው ቤት የምንጸልይበት ጊዜ ነበር። አንድም ቀን አላነሣብኝም።

አገሩ ሲያልቅ ጥርት ያለ የጥቅምት አገር ሆነ። ችግሩ ተምች የሚመጣው በጥቅምት አለመሆኑ ነው። ተምች ዝናብን ተከትሎ ይመጣል፤ አብራሪውም የሚወጣው ሰማዩ በዳመነበት ጊዜ ነው። ደመና ያስፈልገን ነበር።

በመጀመሪያ ጥጥ በሽቦ ሰቀልን። በዚያ ሰሞን ከሠልጣኞቹ መካከል ለሚ የሚባል ልጅ ነበር። የደንዲ ሥር ገበሬ የኦቦ ፉፋ ልጅ ነው። ከሣጥኑ ሲወጣ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ጫልቱ፣ ፍራሽ ውስጥ ገባሁ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ጥጥ በካሜራ ሲታይ ጥጥ ነው፤ ጠርዙ ይታወቃል፣ ጥላው ጠንካራ ነው። ጭስ ሞከርን፤ ወለሉ ላይ ተኛና ሳል ብቻ ተረፈን። መስታወት ላይ ቫዝሊን ቀባን፤ ደብዛዛ ሆነ እንጂ ደመና አልሆነም። ለሚ ከትምህርት በኋላ እየመጣ ይቀመጥና ከላይ ያየውን ይነግረን ነበር። «ደመና ግድግዳ አይደለም» ይላል። «መጀመሪያ ገጠሩ ይገረጣል። ከዚያ መንገዱ ይጠፋል። ከዚያ ክንፍህ ይጠፋል። መቼ እንደገባህ አታውቅም።» እሱ እያወራ እኔ እስላለሁ። ቀልደኛና ደፋር ልጅ ነበር፤ ሰማዩ ጥሩ በሆነ ቀን በአባቱ ቤት ላይ ሲያልፍ ክንፉን ያዘነብል እንደነበር አስተማሪው እየተቆጣ ነግሮናል።

መፍትሔው የተገኘው ከጤና ጣቢያ ነው። ጋሽ ግዛው እጁን ቆርጦት ሲታሸግለት ጎዙን፣ ያን ስስ ነጭ ጨርቅ፣ በመስኮቱ ብርሃን ላይ አየው። የቁስል ማሸጊያ ጎዝ በቀጭን ፍሬም ወጥረን ከሌንሱ ፊት አደረግነው። አንዱ ሲደረብ አገሩ ገረጣ፣ ሁለተኛው ሲደረብ መንገዱ ጠፋ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ሲደረቡ ነጭ ብቻ ሆነ። ፍሬሞቹን ካሜራው ከሚወጣበትና ከሚወርድበት ገመድ ጋር አሰርናቸው። ካሜራው ከፍ ሲል አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ዝቅ ሲል አንድ በአንድ ይወጣሉ። ለሚ ከሣጥኑ ሲወጣ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። «እሱው ነው» ብሎ ፊቱን በእጁ ጠረገ።

አንድ ነገር ግን ቀረ። የደንዲ ጫፍ ከደመናው ወለል በላይ ነበር። አንድ ሠልጣኝ በጎዙ ውስጥ እያለ ካሜራውን ወስዶ ጀሶው ላይ አጋጨውና ሌንሱ ተሰነጠቀ። ሌላ ሌንስ እስኪመጣ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ያን ያህል ጊዜ ሥራውም የሠልጣኞቹ ምረቃም ቆመ። ሌንሱ ሲመጣ ጋሽ ግዛው ከካሜራው ሥር ረጅም ቀጭን ሽቦ ሰካ። የድመት ጢም አልነው። ጢሙ ተራራ ሲነካ ትንሽ ሞተር ይነሣና ጎዞቹን በሙሉ ወደ ጎን ይስባቸዋል። ደመናው ይከፈታል፣ ተራራው ይታያል፣ ሠልጣኙ መሪውን ስቦ ይወጣል፣ ሌንሱም ይተርፋል። ሁለታችንም ኮርተንበት ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ሰይፉ የሚባል ከአዲስ አበባ የተመደበ ካድሬ ነበር። ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር መጋዘኑ ውስጥ ይሰበስባቸውና ደመናው ሲከፈት ተራራው ብቅ የሚልበትን ያሳያቸዋል። ያጨበጭባሉ። ሠልጣኞቹም የተመደበላቸውን ሰዓት በሣጥኑ ጨርሰው አንድ በአንድ ተመረቁ። ለሚ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተመረቀ።

የሞተው በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ነው።

ከደንዲ ወዲያ ተምች ወርዶ አውሮፕላን ተጠየቀ። ለሚ ጠዋት ሲነሣ አምቦ ላይ ሰማዩ ክፍት ነበር። በመጋዘኑ ጎን ራዲዮ ክፍል ስለነበረ በሩ ክፍት ሲሆን ድምፅ እንሰማለን። ራዲዮ ሠራተኛው ሁለት ሦስት ጊዜ ስሙን ጠራው። ከዚያ የለሚ ድምፅ መጣ፤ ረጋ ያለ ነበር።

«ደመና ውስጥ ነኝ። ወደ ታች እየወረድኩ ነው፤ አሁን ይከፈታል።»

ሌላ ነገር አልተሰማም። ራዲዮ ሠራተኛው እስከ ቀትር ሲጣራ ዋለ።

ማታ ላይ ወሬው ደረሰ። ከደንዲ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተከስክሷል። በክረምት እዚያ ደመናው ሳር ላይ ይተኛል፤ ከበላዩ እንጂ ከበታቹ ክፍት ቦታ የለውም። የሞተሩን ድምፅ የመንደሩ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። አስከሬኑን ያወረዱት ጎረቤቶቹ ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት መጋዘን ስገባ ጋሽ ግዛው ከካሜራው ሥር ተንበርክኮ አገኘሁት። የድመት ጢሙን በጣቱ ይነካዋል፤ ጎዞቹ ይሸሻሉ፣ ደመናው ይከፈታል። ይለቀዋል፤ ይዘጋል። እንደገና ይነካዋል።

«ጋሽ ግዛው» አልኩት።

«አሁን ይከፈታል አለ» አለኝ፤ ዞር ብሎ አላየኝም። «ማን አስተማረው? ሰማይ እንዲህ አድርጎለት አያውቅም። እኛ ነን ያስተማርነው።»

ሌንስ እንዳይሰበር ብለን ባሰርነው ሽቦ፣ መሬት ስትቀርብ ደመና ሁሉ ይከፈትልሃል ብለን ለአርባ ሃምሳ ልጅ አስተምረናል። አንዳችንም አላየነውም፤ አስተማሪዎቹም፣ የሚያጨበጭቡት እንግዶችም አላዩትም። በሣጥኑ ውስጥ ደፍሮ የወረደ ሁልጊዜ ይተርፍ ነበር። ለሚ ደግሞ ደፋር ነበር።

አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ጋሽ ግዛው ሳይጠይቁት ጢሙን አሳያቸው፤ ምን እንደሚሠራ፣ ልጁም ለምን እንደወረደ ነገራቸው። ዝም ቢል የሚያውቅበት አልነበረም። ጓድ ሰይፉ ፊቱ ጠቆረ። ያንን ደመና ስንት ጊዜ እንዳስጨበጨበበት ሁሉም ያውቃል።

«ይህ ስሕተት አይደለም» አለ ለኮሚቴው። «አሻጥር ነው። የአብዮቱን አብራሪዎች ለመጨረስ ታስቦ የተሠራ ነው።»

ሰብሳቢው ጋሽ ግዛውን «ሽቦውን ያሰረው ማነው?» ብሎ ጠየቀው።

«እኔ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«አይደለም» አልኩ ከኋላ ቆሜ። «አብረን ነው ያሰርነው።»

ሰብሳቢው ቀና ብሎ አየኝና ወደ ጓድ ሰይፉ ዞረ። «እሷ ምንድነች?»

ጋሽ ግዛው ቀደመው። «ዛፍ ነው የምትሠራው» አለ። «ስለ ሽቦ የምታውቀው ነገር የለም።» ሲናገር አላየኝም። ሰብሳቢው የእኔን ቃል አልጻፈውም።

ከዚያው ከመጋዘኑ ወሰዱት። ኮቱን አንሥቼ ልሰጠው ስል ጠባቂው ከለከለኝ። ሚስቱ ከአዲስ ዓለም እየተመላለሰች ስንቅ ታቀብል ነበር፤ አንዳንድ ቀን ይቀበሏታል፣ አንዳንድ ቀን ይመልሷታል። በተመለሰች ቀን ከእኔ ዘንድ ታድራለች።

በዚያው ሰሞን ኦቦ ፉፋ፣ የለሚ አባት፣ ወደ ግቢው በር መጣ። ከደንዲ በእግሩ ወርዶ፣ ከጊንጪ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ነው። ከጠባቂው ጋር ሲነጋገር አይቼ ወጣሁ።

«ልጄ የተማረበትን ማሽን ልይ ብዬ ነው» ይላል ኦሮምኛና አማርኛ እያደባለቀ። «ሌላ ነገር የለኝም። ላይና ልሂድ።»

«ሲቪል አይገባም፤ ምስጢር ነው» አለው ጠባቂው።

እጁን ይዤ እግዚአብሔር ያጽናዎት አልኩት። ማን እንደሆንኩ አልነገርኩትም። በሚቀጥለው ክረምትም መጣ፤ ከዚያ በኋላም እንደዚሁ። ጠባቂዎቹ ይቀያየራሉ፣ መልሱ ግን አንድ ነው። እሱም አይጨቃጨቅም፤ ጥቂት ቆሞ የመጋዘኑን ጣሪያ ያይና ይመለሳል።

ሥራውን እኔ ተረከብኩ። ሌላ የሚያውቀው አልነበረም። መጀመሪያ ያደረግሁት የጢሙን ሥራ መቀየር ነው። አሁን ጢሙ ተራራ ሲነካ ካሜራው ባለበት ቀጥ ይላል፣ ጎዙ አይነቃነቅም፣ መስኮቱ ይጨልማል። ሠልጣኙ በጨለማ ውስጥ ይቀመጣል፤ ክዳኑን የምከፍትለት እኔ ነኝ። ሌንሱም ተረፈ። ትንሽ ቀደም ብለን ብናስበው ኖሮ ያኔም በዚህ መንገድ ይተርፍ ነበር፤ ይህን ያላሰብኩበት ሳምንት የለም። ደመናውንም ከካሜራው ገመድ ጋር ማሰር ትቼ በእጄ አደረግሁት፤ አንዳንድ ቀን ከበታቹ ክፍት ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን ሳር ላይ ይተኛል። ሠልጣኙ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። የሚተርፈው ገና አገሩ መገርጣት ሲጀምር ዞሮ የተመለሰ ነው።

ሠልጣኞቹ ጠሉኝ። ብዙዎቹ ወደቁ። ጓድ ሰይፉ ጠራኝ።

«ምን እየሠራሽ ነው? ኮታ አለብን። ደመናው እንደ ድሮው ይከፈት።»

«ለሚን የገደለው እሱ ነው።»

«ለሚን የገደለው አሻጥር ነው፤ ተወስኗል። አንቺም ከነማን ቤት እንደመጣሽ እናውቃለን።»

ፈራሁ። አባቴ በዚያን ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ እየተጠራ የሚመለስበት ወቅት ነበር። «ጢሙን እንደ ድሮው ከመለስኩት፣ በሚቀጥለው ጊዜ አሻጥረኛው ማን ሊባል ነው ጓድ?» አልኩት። በሩን አሳየኝና «ውጪ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ደመናው አላነሣም። እንግዳም ወደ መጋዘኑ ማምጣት ተወ።

ጋሽ ግዛው ከዓመት በላይ ታስሮ ተፈታ። ክስም ፍርድም አልነበረም። ወደ ሥራ እንዳይመለስ ተነግሮት አዲስ ዓለም ተቀመጠ። አንድ እሑድ ሳይታሰብ አምቦ መጣ። የዕለቱ ጠባቂ የድሮ ወዳጁ ስለነበረ አስገባው። በጣም ከስቶ ነበር። ስለ እስሩ አልጠየቅሁትም።

«ደመናውን ቀይረሽዋል አሉ። አስገቢኝ» አለኝ።

ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጬ ክዳኑን ዘጋሁ። ከአምቦ ተነሣ፣ በጊንጪ ላይ ዞረ፣ ወደ ደንዲ አቀና። ጎዞቹን አንድ በአንድ ደረብኩበት። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። አልተመለሰም። ወደ ታች ወረደ፣ ጢሙ ነካ፣ ካሜራው ቆመ፣ መስኮቱ ጨለመ። ልከፍትለት ስል «ቆዪ» አለኝ ከውስጥ። ቆምኩ። ወናፎቹ አየር ሲያወጡ ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ በክዳኑ አንኳኳ።

ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ወደ ካሜራው ሄዶ ጢሙን በጣቱ ለካ። «ረዝሟል» አለኝ። «ተራራው ገና ሩቅ እያለ ይጨልማል። ትንሽ አሳጥሪው።» አሳጠርኩት። የመጨረሻ ሥራችን ይህ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ዓለም ሞተ። ማርያም ተቀበረ። ከመሥሪያ ቤት የሄድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለመተረክ የሚበቃ ነገር የላቸውም። ተምቹ ቢመጣም ነዳጅ የለም ይባላል። ያሠለጠንናቸው ልጆች ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተወሰዱ፤ ስለአብዛኞቹ የሰማሁት የለም። አንድ ልጅ ግን ደንዲ አጠገብ ሲደርስ ሰማዩ ገርጥቶበት መድኃኒቱን ሳይረጭ ተመለሰ ተብሎ ደመወዙ ተቆረጠ። መጋዘን መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ጨብጦኝ ሄደ።

መንግሥት በወደቀ ሰሞን ወታደሮች በአምቦ መንገድ ለቀናት አለፉ። ጓድ ሰይፉ አንድ ጠዋት አልመጣም፤ ከዚያም አላየነውም። ጠባቂዎቹ ዩኒፎርማቸውን አውልቀው ሄዱ። የግቢው በር ተከፍቶ ቀረ፤ ቆርቆሮ የሚነቅል፣ ወንበር የሚያወጣ ሰው ይገባል ይወጣል። እኔ ሌንሱን ለማዳን መጋዘኑ ውስጥ እውል ነበር፤ ለማን እንደማድነው ግን አላውቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ጥላ አየሁ። ኦቦ ፉፋ ነው። አርጅቷል፤ በትር ይዟል። የሚከለክለው ስላልነበረ እስከ በሩ መጥቶ እንኳ ማመን ያቃተው ይመስላል፤ ደፉን አልተሻገረም።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ እንደምን አለሽ ልጄ ማለቱ ነው። «ልጄ የተማረበት ይኸ ነው?»

«እሱ ነው ኦቦ ፉፋ። ይግቡ።»

በመጋዘኑ ጄኔሬተር ውስጥ የቀረች ትንሽ ነዳጅ ነበረች። አስነሣሁ። በሣጥኑ መቀመጫ ላይ ደግፌ አስቀመጥኩት። ክዳኑን አልዘጋሁም። መሪውን ከውጭ እኔ እየያዝኩ ከአምቦ አነሣሁት። በመስኮቱ መንገዱ መጣ፣ እርሻው መጣ። ከዚያ ጣቱን አነሣ።

«ይቺ ጊንጪ ናት።»

«አዎ።»

«ይኸ የእኛ ወንዝ ነው። ይኸ ደንዲ።» በመቀመጫው ላይ ወደፊት አዘነበለ። «አሁን እሱ ያየውን አሳዪኝ።»

«ኦቦ ፉፋ፣ ይቅር።»

«አሳዪኝ። ለዚህ ነው ስመላለስ የኖርኩት።»

ጎዞቹን ደረብኩ። ገጠሩ ገረጣ፤ ወንዙ ጠፋ፤ ተራራው ጠፋ። መስኮቱ ነጭ ሆነ። ወደ ታች አልወሰድኩትም፤ ባለበት አቆምኩት። ስለ ሽቦው ሁሉንም ነገርኩት፤ ጋሽ ግዛውና እኔ እንዴት እንዳሰርነው፣ ለሚም በራዲዮ ምን እንዳለ። እየሰማኝ ነጩን መስኮት ያይ ነበር። ሊረግመኝ ይችላል ብዬ ጠበቅሁ።

«ልጄ ፈርቶ ነበር?» አለኝ።

«አልፈራም። ድምፁን ሰምቼዋለሁ። አሁን አገሬን አያለሁ ብሎ ነው የወረደው።»

ራሱን ነቀነቀ። ጋቢውን ወደ ፊቱ ስቦ መለሰው።

«እኔ የሰማሁት ሞተሩን ብቻ ነበር» አለ። «ያኔ ጮኾ ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት።» ከዚያ እጁን አንሥቶ መስኮቱን ነካ። «ኢንተላ ኮ፣ ደመናውን አንሺልኝ።»

ጎዞቹን በእጄ አንድ በአንድ አወጣኋቸው። መጀመሪያ ወንዙ መጣ፣ ከዚያ እርሻው፣ ከዚያ ደንዲ በሙሉ። ከጫፉ በታች፣ ዛፍ ያልተከልኩበትን አንድ ገላጣ ቦታ በጣቱ አሳየኝ። ቤቱ እዚያ ነበር። ነዳጁ እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ ቦታ ላይ ዓይኑን አላነሣም፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ካሜራውን ሳላንቀሳቅስ ያዝኩለት።